ጭራ የሌላት ፊኛ

ስምንት ቤት ይሠራል፣ ጠመኔውን ስሎ፣
ዓባይን ሊያስተምር ሰሌዳውን ከፍሎ፤
በአንደኛው ቤት ውሃ፣
በሁለተኛው ደንገል፣
በሦስተኛው ታንኳ ከዳር ፈቀቅ ሲል፣
በአራተኛው ቤት ላይ ጉማሬ ብቅ አለ፣
መነጽር ሰክቶ፣ ደብተር ያንጠለጠለ፤
“ቀዛፊው ወንድሜ፣ ወንዙ ወዴት ይሄዳል?”
ይህን ሲጠይቀው ደወሉ ይደወላል።
አራት ቤት ቀረና፣ መምህር አለልኝ
“ነገ” ብሎ ይወጣል፤ እኔን እንቅልፍ ነሣኝ።

ስድስተኛ ሀ ነን፣ ቤታችን ሽምብጥ ነው፤
አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ጥጥ በቅንድቡ ይዞ ሲገባ ስነቃ፣
“ጉማሬው ምን አለ?” ይላል ሳይቀመጥ፤
ፊደል አልቆጠረም፣ በሥዕል ነው ’ሚያዳምጥ።

በኋላ በስቴንስል፣ በትምህርት ቤት ማባዣ፣
አርብ አርብ መውጣት ጀመረ፣ አምስት ሳንቲም መግዣ፤
ቀለሙ እያጠቆረ ጣታችንን ሁሉ፣
ከገበያ እስከ ወደብ ሰዎች ሳቁ አሉ።
ቃልን በፊኛ አስሮ ጭራ ሲያበጅላት፣
“ልብ በሉ” ይለናል፣ “ወዳፍ ነው መንገድዋ፤
ጭራ የሌላት ፊኛ ባለቤትም የላት።”

አንድ አርብ ጉማሬው ወንበር ላይ ወጣና፣
ሆዱን ደገፍ አርጎ ጉሮሮ ጠረገና፣
“ዓሦች ተሰለፉ፣ ልቆጥራችሁ” አለ።
ከቆጠራው ኋላ ዓሣው ጎደለ።

ማክሰኞ ተጠራ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት።
ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጉማሬው ፊት ለፊት።
“ይህ ሆድ የማን ሆድ ነው?”
“የጉማሬ።”
“ወንበሩስ የማን ወንበር ነው?”
“ከዋርካ የተሠራ ነው ጓድ፤ አናጢውን አላውቅም።”
ሊቀ መንበሩ ሆዱን ከጠረጴዛ ሥር ሸሸገ፤
ጸሐፊው ሳቁን እንደ ሳል በመሐረብ ጠረገ።

ዘጠኝ ወር ቆየ።
የት እንደ ነበር ለማንም አልተናገረም።
ሲመለስ ያው ጂኦግራፊ፣ ያው ስምንት ቤት፣
ጉማሬው ትንሽ ከስቶ፣ ዓይኑ ብቻ ከውሃ በላይ፤
ፊኛዋ ግን ጭራ አልነበራትም።
እጄን አወጣሁ።
“መምህር፣ ይህን የተናገረው ማን ነው?”
በመስኮት ሐይቁን አየ፤ ቆየ።
“ጮክ ብለህ አንብበው።”
አነበብኩት።
“ሰማህ? ካንተ አፍ ነው የወጣው።”

እኔ ዛሬ ባጃጅ ጀርባ ላይ ነው የምስል፤
አንበሳ ያዙኛል፣ አንበሳዬ ጉማሬ ሲመስል
ሾፌሮቹ ይቆጣሉ፣ ሂሳብ ይቀንሳሉ።
እሱ ጡረታ ወጥቶ፣ ግማሽ ገላው ሸሽቶት፣
ቀኝ እጁና ምላሱ ባንድ ሌሊት ትተውት፣
በግራው ይሞክራል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤
ጉማሬው መነጽር ያጠለቀ ድንች ይመስላል።

ቅዳሜ ሄጄ ነበር፣ ሁለት ቆረሶ በፌስታል ይዤ።
ደብተሩን ገፋ አደረገልኝ።
ስምንት ቤት፣ ሁሉም ጎባጣ።
በሰባቱ ውሃ ብቻ።
በስምንተኛው አንዲት ፊኛ፣ ሰፊ፣ ባዶ፤
ጭራዋ ከወረቀቱ ጠርዝ አምልጣ፣
ጠረጴዛው ላይ ወርዳ፣ የሻይ ብርጭቆውን ዞራ፣
እኔ ክርን ድረስ መጥታለች።

እትዬ አንጓች አየች። “ደግሞ እንጨቱን አበላሸው!”
እርጥብ ጨርቅ አንሥታ ልትፍቀው ስትመጣ፣
“ቆዪ፣ አትጥረጊው፤ የምለው አለኝ።”
በግማሽ ፊቱ ሳቀ፣ መምህር አለልኝ።