ወደ ኋላ የምትሄድ ሴት

ዳኑብ ገና ልጅ ሆኖ በሚያልፍባት መንደር፣
ትኖራለች አንዲት ሴት፣ ሮትራውት ዛይለር።
አርባ ዓመት ክኒን ቆጥራ፣ ሽሮፕ ስትሰፍር ኖራ፣
አሁን ጡረታ ወጥታ ይዛለች የሙት ቆጠራ።

ስሟ «ገመድ ገማጅ» ማለት ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤
እሷ ግን የጫማዋን ክር ብታጠብቅም ይፈታል።

ከስልክ ማውጫ ጀመረች፣ ስሞች እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣
ዛይለር፣ ዛይለር፣ ዛይለር፣ በአምድ ሙሉ ሲተላለፍ።
አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ፣
አንዷ በሙኒክ ዳኛ፣
አንዱማ ስልኩን አንሥቶ፣ ሳቁ መስመሩን ሞላ፤
«በገመድ ላይ እሄድ ነበር፤ ወድቄ ተውኩት ኋላ።»

በካርታ ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ ነጥብ ስታደርግ፣
ደቡቡ ኩፍኝ ወጣበት፣ እስከ ስዊስ ተራራ ጥግ፤
ሰሜኑ ግን ንጹሕ ቆዳ፣ እዚህም እዚያም ጠብታ ብቻ፤
መርከብ የሚጎትት ገመድ በሚገመድበት ዳርቻ፣
ለዚያው ሙያ፣ ለዚያው መዳፍ፣ ሌላ ቃል ነው የተሰጠው፤
ባሕር የወለደውን ልጅ በየብስ ቃል አይጠራው።

ፊደሉም ቤት ለቤት ይለያል፤ የሰበካው ጸሐፊ ጆሮ
ያን ዕለት እንደ ሰማው ነው፤ ቀርቷል በቀለም ታስሮ።

እኛ ሐረግ የምንለውን እነርሱ ዛፍ ይሉታል፤
ለእሷ ግን ሐረግ ይሻላል፣ ሐረግ ገመድ ይወጣዋል።

ገማጅ ሲገምድ አይተሃል? ፊቱን ለሥራው ሰጥቶ፣
ወደ ኋላ ነው የሚሄድ፣ የወገቡን ቃጫ ፈትቶ፤
የሚሄድበትን አያይም፤ ያለፈበትን ነው የሚያይ፣
ርምጃው በራቀ ቁጥር ገመዱ ይረዝማል ከፊቱ ላይ።

እሷም በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ጓንት አጥልቃ፣ ቀስ ብላ፣
ከጦርነት ወደ ወረርሽኝ፣ ከወረርሽኝ ወደ ኋላ።

አንድ ደረሰኝ አገኘች፣ በከተማው ሒሳብ ሹም እጅ፦
«ለደወሉ ገመድ፣ ለጉድጓዱ ገመድ፣ ተከፈለ ለገማጅ፤
ደግሞ አንድ አጭር፣ ለስቅላት።» ዋጋው ያው ነው፣ ሦስት ሳንቲም።
መነጽሯን አወለቀች።
ያን ቀን ሌላ ገጽ አልገለጠችም።

በማግስቱ ተመለሰች። ቋጠሮው እዚያ ጠብቆ ይታያል፦
አባት፣ «ኩንራት ገማጁ»፤ ግብሩን በቃጫ ይከፍላል፤
ልጅ፣ «ኡትስ ገማጁ፣ ዳቦ ጋጋሪ»፤ መዝገቡ እንዲህ ይላል።
ዳቦ ጋጋሪ! እጁ ሊጥ፣ ጢሙ ዱቄት የመሰለ፣
ገመድ ሳይነካ ኖሮ «ገማጁ» እየተባለ።

እዚህ ነው ሥራ ስም የሆነው፤ እዚህ ነው ቃሉ የታሰረ፣
ሙያው ከእጅ ሲያመልጥ፣ ከአፍ ሳይወርድ የቀረ።
ጎረቤት ስንቴ ሳቀ ይሆን፣ «ገማጅ! ሁለት ዳቦ» ብሎ፤
ሳቁ ጠፋ። ስሙ ቀረ፣ በየበሩ ደወል ላይ ተንጠልጥሎ።

ወጣች። ከላይ ደወል ጮኸ፤ ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው፣
የሚጎትተው ሰው የለም፤ ገመዱን አይጥ በላው።
ደረጃው ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀች፣
ድርብ አድርጋ።
ሦስት ርምጃ ሳትሄድ ተፈታ።
ሳቀች።