ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ከደረጃው በታች ጠባብ ክፍል ሰጡኝ፣
ከመጥረጊያ ጋራ ባንድ አስቀመጡኝ።
በሩ ላይ «የሙያ ምክር» የሚል ወረቀት፣
ግማሹ ተቀዷል፣ ማስቲሹ ደርቆበት።

ሥራዬ ልመና ነው፣ ማኅተም ያለው ብቻ፤
በባጃጅ እዞራለሁ፣ ኮምቦልቻ ለኮምቦልቻ፤
ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ከቦርከና ማዶ ያለው ፋብሪካ፣
ዘበኛው መታወቂያዬን ከፊቴ ጋር እያስተያየ ሲለካ፣
«ሁለት ወር፤ ደመወዝ የለም፤ ምሳ እንኳ ካልተቻለ፣
ቆሞ የሚያይበት ጥግ…» እላለሁ፤ «ጥግ ካለ።»

ሲቪ አስተምራለሁ፤ «የሥራ ልምድ» የሚል መስመር አለው፤
«ሰኞ ገበያ ሽንኩርት መሸጥ ይጻፋል?» አለኝ አንዱ፤ «ጻፈው!»

እኔን ያኔ ማን ጠየቀኝ? ዕጣ ነው ያወጣሁት፤
ሰሌዳው ላይ ስሜን ከ«ታሪክ» ሥር አገኘሁት፤
እንደ ልጅነት ጋብቻ፣ ኋላ ለመድኩት፣ አልጠላሁት።

ኅዳር ላይ ጦይባ መጣች፣ የይመር አራጌ ልጅ፣
የወረባቦዋ፤ ቅጽ ይዛ ቆመች ከደጅ።
ስምንቱን ጥያቄ ሞልታ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣
ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቆማለች፣ እንደ በግ ከወንዝ አፋፍ።
«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታዪዋለሽ?»
ይላል ቅጹ። «ምነው?» አልኳት፤ «ምንም አልታየሽ?»

«ወላሂ ጋሼ» አለች፣ «ያለፈውን አምስት ዓመት ማን አየው?
ክፍል ተዘግቶ፣ በደጃፉ ሳር በቅሎበት ያየ ሰው፣
ስለ መጪው እንዲህ ብሎ በእስክሪብቶ ይጽፋል?»
ዝም አልኩ። ውጪ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ ያልፋል።

«ባዶ ይሁን» አልኳት፤ ማኅተሙን መታሁላት፤
ደንቡ አይፈቅድም። ግን እኔም መልሱን አላውቅላት።

የሽመና አዳራሹ መቶ ነጎድጓድ ያጓራል፤
ሰው ከሰው ጋር በከንፈር፣ በጣት፣ በቅንድብ ያወራል።
ሙሄ አበጋዝ ተሰጣት፤ ሠላሳ ዓመት መካኒክ፣
በመዳፉ ብቻ የሚያውቅ የማሽን ትኩሳት ልክ።
በመጀመሪያው ሳምንት መጥረጊያ ነው ያስያዛት፤
ደውላ አለቀሰችብኝ፤ ንዴት እሳት ሆኖ ይዟት።
«ለመጥረግ ነው የተማርኩት?» እኔም መጥረጊያዎቼን አየሁ፤
«ጥረጊ» አልኳት፤ «የወደቀውን እያየሽ።» ስልኬን ዘጋሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ «ስድስት ቁጥር ማሽን ሥር፣
ከሁሉም ይበዛል» አለች፣ «የሚበጠስ ክር።»
ሙሄ መዳፉን አኖረ፤ ራሱን ነቀነቀ፤
ከዚያ ቀን መጥረጊያው ቀርቶ መፍቻ ከእጇ ተጣበቀ።
የምዘና ቅጹንም በነጥብ መሙላት ተወና፣
«ትሰማለች» ብሎ ፈረመ፤ ከዚህ በላይ ምን አለና።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ለሪፖርት ይመቸኝ ነበር፤
ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ለእንግዳ የሚነገር።
ግን ፋብሪካው አልቀጠራትም። ጥጥ የለ፣ ዶላር የለ፤
ግማሹ ማሽን ሸራ ለብሶ እንደተኛ አለ።

በመጨረሻው ቀን መጣች፤ ድምጿ ከፍ ብሏል፣
እንደ ሸማኔዎቹ ሴቶች፤ ጆሮዋ ጩኸት ለምዷል።
«ከድጃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው እዚያ የቆመችው» አለች፤
«ሌሊት ልጇ ሲያለቅስ አትሰማም፤
እግሩን በክር ከጣቷ አስራ ትተኛለች።»

ቅጹን ጠየቀችኝ። ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት፤
ቆማ ጻፈች፤ ጀርባዬን አዞርኩ፣ አላየኋት።
ከሄደች በኋላ አነበብኩ፤ ዘጠኝ ላይ አንድ መስመር፦
«እዚያው አዳራሽ ቆሜ፣ ከከድጃ ጋር በሹክሹክታ ስነጋገር።»

በሩ ተንኳኳ። ሌላ ልጅ፤ ደብዳቤ ይፈልጋል፤
«የት?» አልኩት። «የትም ይሁን» አለ፤ ዐይኑ መጥረጊያው ላይ ያርፋል።

«ቁጭ በል» አልኩት።