የዜልማ ድንጋይ

የሪጋ ገበያ ከወንዙ ዳር ሳለ፣
ጣሪያው ሰማይ ነበር፣ በረዶ ያዘለ።
ዜልማ በሣጥን ላይ ዓሣዋን ደርድራ፣
ሰም የጠጣ ሸራ ከራሷ ወጥራ፣
ሃያ ክረምት ሸጠች፣
ባንድ ሚዛን ብቻ፣ ባንድ ድንጋይ ብቻ።

ድንጋዩ የአማቷ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ለቅሞ፣
«አንድ ኪሎ ነህ» ብሎ፣ ስም አውጥቶ ሰይሞ
ለልጁ አወረሰው፤ ልጁ ባሕር ሲቀር
ለሚስቱ ደረሰ፤
ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ በእጅ የለሰለሰ።

ኋላ ግን ከተማው ሌላ ቤት አሰበ።
በጋዝ የተነፋ፣ ተራራ የሚያህል
የጦር የአየር መርከብ ያደረበት ጣራ
ተፈትቶ፣ ተጭኖ፣ በባቡር ተስቦ፣
ወንዙ አጠገብ ቆመ፤ ለጎመን፣ ለቅቤ፣ ለሥጋ ሆነ ቤት።
ሰማይ የወጠነ፣ ድንች ተሸጠበት።

መደቡ ተሰምሮ፣ ቁጥሩ በቆርቆሮ፣
ኪራዩ በየወሩ፣ በቅድሚያ ተቆጥሮ።
ሳንቲም ይሉታል እነሱም፣ ልክ እንደ እኛው ሳንቲም፤
መቶው አንድ ላት ነው፤
ከኪስ ሲጠፋ ግን ጠባይ አይለውጥም።

ዜልማ «አልገባም» አለች። «ለጣሪያ አልከፍልም፤
ዓሣ ዝናብ አይፈራ፣ እኔም ስኳር አይደለሁም።»
ቅቤ ሻጩ ገባ። ጎመን ሻጯ ገባች።
ባዶ ጠርሙስ ገዢው፣ ከረጢቱን አዝሎ፣ እሱም እንኳ ገባ።
ወንዙ ዳር የቀሩት እሷና አንድ ዳክዬ።
ሦስት ሳምንት ቆየች።
ባራተኛው ሰኞ ሣጥኗን ተሸክማ፣
መደብ መቶ ስድሳ ፊት፣ ማንንም ሳታይ፣ ቆመች።

የሚዛን ዳኛው መጣ፤ ኢንድሪቂስ ይባላል፤
መነጽሩን ጠርጎ፣
የነሐሱን ኪሎ ከከፋይ ሣጥኑ
እንደ ሕፃን አቅፎ፤
«ድንጋይሽን አምጪ» አለ። ጎረቤት አንገቱን አሰገገ።
«ዛሬ ገና ተያዘች» አለ ቅቤ ሻጩ፣
እጁን በሽርጡ እያበሰ።

ነሐሱ ባንድ ሳህን፣ ድንጋዩ ባንድ ሳህን፤
ወደ ታች ወረደ፣
በድንጋዩ በኩል።
ትርፉ ስልሳ ግራም። እንደገና መዘነ። ስልሳ።
«ሴትዮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሃያ ዓመት ሰርቀሻል፤
የሰረቅሽው ግን
የራስሽን ዓሣ።»

በእርሳስ፣ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ አሰላ፦
በሳምንት ሁለት መቶ ኪሎ፣ በዓመት ሃምሳ ሳምንት፣
ይኸው ሃያ ዓመት፤
አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ፣ ሪጋ በነጻ በላ።
ዜልማ አላለቀሰች፣ ዜልማ አልሳቀችም።
«አማቴን ይመስላል» አለች፣
«እሱም በሕይወቱ ቆጥሮ አያውቅም።»

ሕጉ ግን ሕግ ነው።
የጎደለ ይወረሳል፤ የተረፈም ይወረሳል።
ድንጋዩ ቁጥር ታስሮለት፣ በፊርማ፣
መሳቢያ ገባ።

በማግስቱ ዜልማ በነሐስ መዘነች፣
ልክ እንደ መርፌ ጫፍ፣ አልጎደለ፣ አልተረፈ።
የባቡር ነጂው ሚስት፣ የጥንት ደንበኛዋ፣
ዓሣውን ባንድ እጇ አንስታ፣ አቅልላ፣
«ጣሪያ ሥር ገባሽና ሌብነት ጀመርሽ?» ብላ
ሄደች ወደ ሌላ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፣
ሚዛኑ ከረጋ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣
ዜልማ ግራ ቀኟን አይታ፣
ከጥግ አንዲት ትንሽ ዓሣ ከወረቀቱ ላይ የምትጥል።
እዚያ ምን እንደሚሉት እንጃ፤
እኛ ምርቃት እንላለን።
ኪራዩ ዓምድ አለው፣ ግብሩም ዓምድ አለው፤
ምርቃት የለውም።

ኢንድሪቂስ አይቷል።
ብዕሩን አነሣ፤ የት እንደሚጽፈው ባዶ መስመር ፈለገ፤
ሲያጣ ጊዜ፣ ዜልማ ጠቅልላ እስክትጨርስ፣
መነጽሩን ጠረገ።