የሞላልኝ ፍሬም

ደብረ ሲና፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣
ጉም በሬ ላይ እንደ ደንበኛ ተሰልፎ ውሎ፣
አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ እግሩ የላላ ወንበር፤
ሥራዬ ለሰው ፊት ማበጀት ድንበር።

ለሙሽራ ርግብ፣ ለተመራቂ ቆብ፣
ለክርስትና ሕፃን የደመና ስብስብ፣
ለሙት ዓመት ሻማ፣ ግራና ቀኝ ሁለት፤
«ወርቁን አብዛው» ይሉኛል። ምን ገዶኝ? እዚህ ቤት
ወርቅ በሚዛን አይደለም፤ ሁለቴ ነው ጠቅ፣
እንኳን ጠርዙ ጥላውም ይሆናል ወርቅ።

አንዱን ግን ለራሴ ነበር የሠራሁት።
ከመንዝ የወረደ ባና ገበያ ላይ አየሁት፤
ጥቁር በነጭ ጠርዙን በስልኬ ቀድቼ፣
አንድ ስንዝሩን ቆርጬ፣ ገልብጬ፣ አባዝቼ፣
አራት ጎን አቆምሁት። ማዕዘኑ ግን እምቢ!
ክር ከክር አይጋጠም፣ እንደ ተኳረፈ ወንድማማች በአንድ ግቢ።
ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ በሦስተኛው ታረቁ።
ደንበኞቼ አዩትና «ይኼማ ብርድ ልብስ ነው» ብለው ሳቁ።

ሰኔ ላይ፣ ካፊያ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ ገባች፤
ከመቀነቷ ቋጠሮ መታወቂያ ፈታች።
«ሞላልኝ ነው። ታውቀዋለህ። ሰኞ አርባው ይወጣል።»
አውቀዋለሁ እንጂ፤ ጎሚስታውን ማን ያጣል?
ከጣርማበር ቁልቁል ጎማው የተነፈሰ
ስንቱ አይሱዙ እሱ ደጅ እያነከሰ ደረሰ!

ፊቱን ፈለግሁት። ግማሹን የቀበሌው ማኅተም ወስዶታል፤
የቀረውን ዝናብ። አንድ ጆሮ፣ ኮሌታ፤ ሌላው ፈሶ ጠፍቷል።
አጎላሁት። ሲጎላ ሰው አይሆንም፤ ይሆናል ጠጠር።
«ሌላ ፎቶ?»
«የለውም። ‹እጄ ጥቁር ነው፣ ነገ ታጥቤ› ይል ነበር።»

ዝም አልን። ፕሪንተሩ ብቻ ያለ ሥራ ያጓራል።
«ፍሬሙን ሥራው» አለች፣ «ውስጡን አንድዬ ያውቃል።»
«ሻማስ ላድርግበት?» «ተው ልጄ፣ እሳቱ ይበቃዋል፤
ስንት ዘመን ሙሉ ጎማ በእሳት ለጥፏል።»

ባናዬን አወጣሁ። ደስ አላት፤ በጣቷ ዳሰሰችው፣
መስታወት መሆኑን ረስታ እንደ ሱፍ አሻሸችው።
ከዚያ መሐሉን ከፈትሁት፤ አጠፋሁ፣ አጠፋሁ፣
ቀለም የሌለው፣ ነጭ እንኳ ያልሆነ ባዶ ላይ ደረስሁ።
ፕሮግራሙ ታዲያ ባዶን ዝም ብሎ አይተወው፤
በትንንሽ ካሬ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ግራጫ አልብሶ ነው የሚያሳየው።

ጎንበስ አለች። «ይኼስ?»
«ምንም የለም ማለት ነው፣ እትዬ። ምልክት ነው እሱስ።»
«ዳማ ነው!» አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ።
ዳማ። ከሰዓት፣ መኪና ሲጠፋ፣ ካርቶን በከሰል ከፋፍሎ፣
ቆርኪ የሚደረድረው፤ የሱ ፊቱ ወደ ላይ፣ የባላጋራው ተደፍቶ፤
«ብላ!» እያለ የሚጮኸው፣ ሦስት ሊበላ ሁለት ሰውቶ።

«እንዳታጠፋብኝ። እንዲሁ አውጣልኝ።»

አልነገርኋትም፤ ባዶ አይታተምም፤
ወረቀት ላይ ሲወጣ ነጭ ነው፣ ካሬው የለም፤
ለሠሪው ዓይን ብቻ ነው፣ እጁ እንዳይስት።
ስለዚህ ስክሪኑን እንዳለ አነሳሁት፣
ቆርጬ ከጠርዙ ሥር እንደ ፊት አስተኛሁት።
መብራት ሁለቴ ሄደ። እሷ ከወንበሩ አልተነሳችም።
ሲመለስ ወጣ፣ ትኩስ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

በጣቷ አንዷን ካሬ ነካች፤ ከታች፣ የቀኙን ጥግ፤
ቆይታ ሌላዋን፣ በሰያፍ፣ ወደ መሐል፣ በወግ።
«ሞላልኝ» አለች።

ከዚያ ዋጋ ጠየቀች። ነገርኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣
«ሃምሳ ብር ቀንስ» አለች፣ «ሰው የለበትም» ብላ።
ቀነስሁላት።