አራተኛው ደቂቃ

ሃሊፋክስ ላይ የካቲት ነው፤ ጭጋግ ወደቡን ውጦታል፣
ከላይ የመጣው ሰው ሁሉ ወለሉን በጨውና በበረዶ አርጥቦታል።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ መስኮት ከሌለው ክፍል፣
ከአንድ የቆየ ኮምፒውተር ጋር ሌሊቱን እኩል ስከፍል።

እሱ ይልጣል፤ እኔ አያለሁ።
ቆዳውን ያነሳል፣ አጥንቱን ይፍቃል፣ ዓይንን ከጉድጓዱ ያጠፋል፣
ፊት የሚባለውን ሁሉ «እንዳይታወቅ» ብሎ ይገፍፋል፤
የሚቀረው ግራጫና ነጭ ነው፣ እጥፋት በእጥፋት ላይ፣
ቁጥር ተለጥፎበት ይመጣል፣ እኔ እንዳይ።

ቁጥርዎ አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው።
ዕድሜ፦ ሰባ አንድ። ፆታ፦ ወንድ። የሚጽፉበት እጅ፦ ግራ።
ይኸው ነው።
ፊት የሌለውን ሰው አንቱ ማለቴ ለራሴም ያስቀኛል፣
አንተ እንዳልል ደግሞ አፌ እምቢ ይለኛል።
ሁለት ዓመት ሙሉ ራስዎን አይቻለሁ፤
እርስዎን አላየሁም።

ሶፍትዌሩ ጎበዝ ነው፤ አይደክመው፣ አያዛጋ፣
አንዳንዴ ግን አጥንት መስሎት አንጎል ይቆርጣል፣
እንደ ቸኮለ ልኳንዳ ከአጥንቱ ጋር ሥጋ።
ያኔ ማውሱን ይዤ ወሰኑን በነጥብ በነጥብ እሠራለሁ፤
በርስት ቀልድ የለም አይደል? ስለ አንድ ሚሊሜትር እከራከራለሁ።

ከጆሮዎ ትይዩ፣ ጠለቅ ብላ፣ አንዲት የተጠማዘዘች አለች፣
የባሕር ፈረስ ይሏታል፤ የትናንት ነገር በሷ በኩል ነው የሚያልፈው።
አምና ከካቻምና አነሰች።
ሠንጠረዡ ስንት እንደቀነሰ ይነግረኛል፤
የቀነሰው የት እንደሄደ አይነግረኝም።

የዛሬው ምስልዎ ግን ተበላሽቷል።
ከግንባር እስከ ማጅራት ሞገድ ሠርቷል፣
ጠጠር እንደወደቀበት ኩሬ፣ ክብ በክብ።
ሶፍትዌሩ በቀይ ጽፎ «እንቅስቃሴ፤ አይረባም» ይለኛል፣
«ይጣል ወይስ ይቆይ?» ብሎ፣ ጠቋሚው እየተርገበገበ ይጠይቀኛል።

ኤምአርአይ ክፍል ያመሸችው ኦዲል ቲቦዶ
ከፋይሉ ግርጌ አንድ ማስታወሻ ትታለች፦
«በአራተኛው ደቂቃ ማንጎራጎር ጀመሩ።
እባክዎ አይንቀሳቀሱ አልኳቸው።
እሺ አሉ።
ቀጠሉ።»

ደጋግሜ አነበብኩት።
እዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ ያ ሁሉ መዶሻ በጆሮዎ ላይ ሲወርድ፣
ምን ዜማ ተገኘ?
ምናልባት ምቱን የሰጠዎት ማሽኑ ራሱ ነው፤ ድው ድው ሲል፣ ድው ድው ሲል፣
መንጋጋዎ ሳያስቡት ዜማ ይዞ ሲከተል።
ምናልባት ግጥሙ ጠፍቶብዎት ነው።
ማንጎራጎር እኮ
ቃል የከዳው ሰው የሚደገፈው ምርኩዝ ነው።

ሞገዱን ላስተኛው የእርማቱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ነካሁት፤
ሦስቴም ተመልሶ መጣ፤ ያው ሆኖ አገኘሁት።
አንድ ጊዜማ፣ አልደብቅዎትም፣ «ይቆይ» ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።
ሰው ነው የያዘው፣ አልኩ። ከንጹሆቹ ሁሉ ይልቅ
ይህ ነው ሰው የያዘው።

ግን ከተንቀጠቀጠ ምስል የተንቀጠቀጠ ቁጥር ቢወጣ፣
ነገ የሌላ ሰው መድኃኒት ልክ ሆኖ ነው የሚመጣ።
ጣልኩት።
ለኦዲልም ጻፍኩላት፦
«አራት መቶ አሥራ ሰባት ማክሰኞ ይመለሱ፤
ከመግባታቸው በፊት ግን፣ እባክሽ፣ ዜማውን ይጨርሱ።»

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ቀጣዩ ፋይል ተከፈተ፦
አራት መቶ አሥራ ስምንት። ሴት። ቀኝ።
ጥርት ያለች ምስል፣ አንድም ሞገድ የሌላት።
ሶፍትዌሩ በአረንጓዴ አሳለፋት።
እኔ ግን፣ እንጃ፣
ዝምታዋ አሳሰበኝ።