ጀርባውን የሰጠን

ሥዕል አላውቅም እኔ፤ የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነኝ፤
የጃንጥላ ብል ነው፣ የከበሮ ጠፍር፣ ዘወትር የሚያስጨንቀኝ።
ግን ያን ዕለት ነበርሁ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ቀሃ ደፍርሶ ሲያጓራ፣
ሠዓሊው አዛናው ከዳባት በኩል መጣ
በድንች አይሱዙ፣ ሥዕሉን ጭኖ ከጆንያው ጋራ።
የታዘዘው ስቅለት ነው፣ ለምዕራቡ ግድግዳ፤
ሁለቱ ወንበዴዎች፣ እመቤታችን፣ ዮሐንስ፣
ፀሐይዋ ጠቁራ፣ ጨረቃ ደም ለብሳ፣
ሁሉም እንደ ሥርዓቱ፣ እንደ ጥንቱ ሰሌዳ።
ቀብድም ተከፍሎታል። ደረሰኙ እኔ ጋ ነው።

መጠቅለያውን ገፈፍነው።
ጉም ነው።
ጉም ብቻ፣ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ገደሉን የሞላው፣
ከሥር ያለውን አገር እንደ እርጎ የሸፈነው።
ከጉሙ ብቅ ያለ አንድ ጥቁር ቋጥኝ፣
ከቋጥኙ ጫፍ ላይ፣ ከጅባራው ጎን፣
መስቀል፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል።
ወዲህ፣ ከእኛ ወገን፣ አንድ ሰው ቆሟል፤
ጋቢው በነፋስ ወደ ግራ ሸሽቷል፤
እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው ከጎኑ፣ ጭቃ እንደያዘ ተቀምጧል።
ፊት ግን የለውም። ጀርባውን ሰጥቶናል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ጠረጉ፤
አጠለቁ፤ አወለቁ፤ ደግመው ጠረጉ።
«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በእኛ ሥዕል ሕጉ፣
ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፣ ሙሉ ፊቱ ይታያል፤
ኃጥእ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ያያል።
ሁለቱንም ነስተኸው፣ ይህን ሰውዬህን ከየት እናስገባው?
ከበጎቹ ነው ከፍየሎቹ የምንመድበው?»

አቶ ብርቁ፣ ሒሳብ ሹሙ፣
«ጉም ለመሣል ነው ወይ ቀብዱ?» ብለው ተገረሙ፤
«ጉም በነጻ አይደል? በር መክፈት ነው፤
ከአንገረብ ተነሥቶ እዚሁ ድረስ የሚመጣ ነው!»

አዛናው ቀለም የነካው ጣቱን እያሻሸ፣
አርባ ዓመቱን ያለፈ ሰው፣ ድምፁ እንደ ልጅ እየሸሸ፦
«ቅዳሴ ስንቆም፣ አባቴ፣ ማን የማንን ፊት ያያል?
ዲያቆኑ ‹ውስተ ጽባሕ ነጽሩ› ሲል
ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይዞራል።
እኔ ልጅ ሆኜ፣ ከሁሉ ኋላ ቆሜ
የማውቀው ጀርባ ነው፤
የእርጥብ ጋቢ ሽታ፣
የአባቴ ተረከዝ፣ እንደ በጋ መሬት የተሰነጠቀው።
የሚጸልይ ሰው ፊት አይቼ አላውቅም።
ይህ ሰው ተራ ይዞ ነው።
እኛም ከኋላው ነን።»

ዝም አሉ። ዝምታው እንደ ሁዳዴ ረዘመ።
ኋላ «ይቀመጥ» ተባለ፤ ጉባኤው ተፈጸመ።
«ይቀመጥ» ማለት በእኛ ደብር፣
አይጣል፣ አይሰቀልም፤ ከሰው ዓይን ይሰወር።
ተሸክሜ ወሰድሁት፤ ከአሮጌው ምንጣፍ ኋላ
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስደገፍሁት።
ጉሙም፣ ሰውየውም፣ ጭቃ ሲያዩ ከረሙ።

ጥር መጣ። ለከተራው
መሪጌታ ወርቀዘቦ ጃንጥላ ሊመርጡ ገቡ፤
መብራት ጠፍቷል፣ እንደ ልማዱ፤
ጧፍ ይዤ እመራለሁ።
ድንገት ቆሙ።
ነጠላቸውን አደገደጉ፤ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ።
ምን አይተው ነው ብዬ ጧፉን አስጠጋሁ፦
የዚያ ሸራ ጀርባ ነው።
ሸራውን የወጠረው፣
ከላይ ታች፣ ከግራ ቀኝ የተላለፈ ጽድ፤
ሁለት እንጨት፣ መሀሉ ላይ አንድ ምስማር።

አልነገርኋቸውም።
ደግሞ እንጃ፤ ያውቁ ይሆናል።
ሲወጡ «አቧራውን ጥረግለት» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

አሁን አንዳንድ ማታ፣ በሩን ሳልቆልፍ በፊት፣
ሥዕሉን ወደ እኔ አዞረዋለሁ፤
ጫማዬን አውልቄ፣
ከሰውየው ኋላ፣ አንድ ክንድ ርቄ እቆማለሁ።
እሱ አይዞርም። እኔም አልጠራውም።
ትናንት በሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤
ጫማ ሲወልቅ፤ ሽማግሌ ትንፋሽ።
አልዞርሁም።