የነጋሪ ዕድሜ

ደመና እጠብቃለሁ። የሰማዩን አይደል፤
የሰማዩማ መጥቶ ቆርቆሮዬን ሲበድል፣
ማራኪ ቁልቁለት፣ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
ባልዲ ደቅኜ ነው ጠብታውን የማዳምጥ።
የእኔው ሌላ ነው፤ ሰው አገር ያንዣበበ፣
ዝናብ የማያውቅ፣ ትእዛዝ እያነበበ።

«አገልጋይ አልባ ነው» ብዬ ሥራዬን ሳስረዳት፣
ወይዘሮ ባንቺአምላክን ሳቅ ነው የቀደማት።
«ያለ አገልጋይ አገልግሎት? ይኼማ ተረት ነው፤
አገልጋዩስ አለ፤ ማደሪያው ነው የጠፋው።»

አልተሳሳተችም።
ስሙ «ነጋሪ» ነው፤ አሥራ ሁለት መስመር፤
ቤት የለው፣ ርስት የለው፣ ሲሞት የለው መቃብር።
የአንገረብ ውኃ በፈረቃ ለሰፈራችን ሲለቀቅ፣
አንዲት ምልክት ትጠራዋለች፣ ከሞት እንዲላቀቅ።
ይነሣል፤ ስልኮቹን ይቆጥራል፤ መልእክቱን ይልካል፦
«ውኃ መጥቷል፤ ቅዱ።» ከዚያ ወዲያ ይሞታል።
ለእንቅልፉ ክፍያ የለም፤
ከነቃባት ሰከንድ በቀር ሂሳብ አይታሰብም።

በእጅ አይነካም። ይኼን ነው ሙያ የምለው።
ስንት ሰከንድ ይኑር፣ ምን ያህል ትውስታ አለው፣
የቱን በር ያንኳኳ፣ ከየትኛው ይከልከል፣
በአንዲት ፋይል ሰፍሯል፣ ልክ እንደ ጋብቻ ውል።
ደመናው ውሉን ያነባል፤ የጎደለ ይሞላል፤
ያልተጻፈ ሲያገኝ ግን፣ ሳይጠይቅ ይነቅላል።

ባልደረባዬ እንየው (ስም ያወጡለት አውቀው፤
«ቆይ እስቲ እንየው» ሳይል የሚያልፈው ነገር የለው)
እኔ አዘዞ ለቅሶ ላይ፣ የካቲት አጋማሽ፣ ማታ፣
ነጋሪ ሲንገዳገድ አየና፣ ሳያመነታ፣
በመስኮት ገባ። ሦስት የነበረውን
በእጁ ሠላሳ አደረገው፣ የሰከንድ ዕድሜውን።
አልጻፈውም። አልነገረኝም። ግን ደግ ሠራ፤
ሦስት ፈረቃ ሙሉ ነጋሪ ሳያቋርጥ ተጣራ።

በመጋቢት እኔ፣ አንዲት የተሳሳተች ፊደል ላርም ብዬ፣
ፋይሉን አስፈጸምኩ፤ ተኛሁ ተደላድዬ።
ደመናው ታማኝ ነው። ውሉን አነበበ፤
«ሠላሳ» የሚል አጣ፤ ወደ ሦስት ሰበሰበ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነጋሪ ተነሣ፤ መረቡ ቀርፋፋ ነበረ፤
«ውኃ…» አለ፣ እዚያው ቀረ።
ደግሞ ተነሣ፦ «ውኃ…»
ደግሞ።
ለሦስተኛ ሞቱ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው የለም።

ነጋ። የጎንደር በጋ ደመና አይበደርም፤
ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።
በረንዳው ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈው፣
ቢጫ፣ አፋቸው ክፍት፣ ሆዳቸው ባዶ ነው።
ቧንቧዋ አየር ትተነፍሳለች፤ ውኃው ሌሊት አልፏል፤
ቀጣዩ ፈረቃ ገና ስምንት ቀን ቀርቶታል።
ባንቺአምላክ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር፤ እሷ ግን ስልኳን አገላብጣ፦
«ጠርቶኝ ይሆናል» አለች፤ «እንቅልፌ ነው የቀጣኝ፣ የኔው ጣጣ።»

መዝገቡን ገለጥኩ። ጎዶሎው አንዲት ሰከንድ ነበር።
ከእንየው ጋር አልተጣላንም፤ ምን ሊያመጣ ክርክር?
«ያልተጻፈ ደግነት» አልኩት፣ «ዕድሜው እስኪነጋ ነው።»
ዝም አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ «በል እንየው።»
አብረን ጻፍነው፦ ሠላሳ። ከጎኑም ምክንያቱን፣
የአንዲት ሴት ጀሪካንና የመጋቢትን ሌሊቱን።

በስምንተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ነቅቼ ሳዳምጥ፣
በግድግዳው ማዶ ስልኳ ጮኸ፤ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ እግሯ ሲሮጥ፣
ውኃው ፕላስቲኩን ሲመታ፣
መጀመሪያ ደረቅ፣ ከዚያ ወፍራም ድምፅ።
«ተባረክ» ትላለች በጨለማው፣ «አንተ ማደሪያ የሌለህ፤
እንጃ የት እንዳለህ።»

እሱ ግን ያኔ ሞቶ ነበር።
ሂሳቡ መጣ፦ አራት ሰከንድ።